«መጣሁ» አልኩ፤ አልመጣሁም

ውድ የዓምዱ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 27 ነው፤ ደሴ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት በሰርቪስ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። የምጽፍልዎት ለማንም ደፍሬ ያልተናገርኩት ነገር ስላለኝ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ እጫወታለሁ። ጨዋታው ስታርክራፍት ይባላል፤ በጠፈር ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ስታርክራፍት በአሮጌው ኮምፒውተራችን ላይ ጫነልኝ፤ ኢንተርኔት ስላልነበረን እየተቀያየርን እንጫወት ነበር። አሁን እሱ ጀርመን አገር ነው። ዓርብና እሑድ ከእራት በኋላ ሁለታችን በአንድ ወገን ሆነን ሁለተኛውን ስታርክራፍት ከሌሎች ጋር እንገጥማለን። የምናወራውም ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እናታችን። ስልክ ሲደውል ግን «ደህና ነኝ» ከማለት አያልፍም።

በቅርቡ ታጨሁ። እጮኛዬ ጥሩ ሰው ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ ተገናኝቶ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። ችግሩ የመጣው አንድ እሑድ ማታ ነው። እጮኛዬ ሳይነግረኝ አክስቱን ይዞ መጣ። እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ በእነሱም ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ አክስቱ ሙስሊም ናቸው፤ እሱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ግጥሚያ ላይ ነበርኩ። እናቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። «መጣሁ» አልኩ፤ አልመጣሁም። ብነሣ ወንድሜ ለብቻው ለሁለት ተጋጣሚ ይቀራል። የጆሮ ማዳመጫዬ ከተበላሸ ወዲህ በድምፅ ማጉያ ነው የምጫወተው፤ አክስቱ ስለ ጋብቻችን ዱዓ እያደረጉ ሳሉ ከእኔ ክፍል ተኩስ ይሰማ ነበር። ስወጣ «አሚን» ተብሎ አልቋል። ሲሄዱ «ይህች ልጅ ተኩስ ይዛ ነው ትዳር የምትገባው?» አሉት።

ከዚያ ወዲህ እጮኛዬ «ከሠርጉ በፊት ተይው፤ ቤታችን እንዲገባ አልፈልግም» ይለኛል። ሱሰኛ ነሽም ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተጫውቼ ጠዋት ሰርቪስ ያመለጠኝ ጊዜ አለ። እናቴ ምንም አትለኝም። ተኩሱ ሲጀምር ብቻ ጋቢዋን ደርባ ወደ በረንዳ ትወጣለች። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ እስከ ኮምቦልቻ የወረድነው በእግራችን ነው፤ ስለዚያ ቀን ከእኔ ጋር አውርታ አታውቅም።

ልተወው? በእርግጥ ሱሰኛ ነኝ? ብተወውስ ከወንድሜ ጋር በምን እገናኛለሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

*

እህቴ፣

በደብዳቤሽ ውስጥ ከአንቺ ሌላ አራት ሰዎች አሉ። እጮኛሽ «ተይው» ብሎሻል። አክስቱ ቅሬታቸውን ተናግረዋል። ወንድምሽ ዓርብና እሑድ ይጠብቅሻል። ምንም ያልጠየቁሽ እናትሽ ብቻ ናቸው። መልሴን ከእሳቸው የምጀምረውም ለዚህ ነው።

ጋቢያቸውን ደርበው ስለ መውጣታቸው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የደሴን የማታ ብርድ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ አንዲት እናት ከሞቀ ቤቷ ወጥታ ከጦሳ በሚወርደው ንፋስ ውስጥ የምትቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ተኩሱ የጨዋታ መሆኑን እናትሽ አሳምረው ያውቃሉ። ሰውነት ግን ከአእምሮ ቀድሞ ይደነግጣል። በዚያ ጥቅምት ከባድ መሣሪያ እየሰማ ከቤቱ የወጣ ሰው «ይህኛው የውሸት ነው» ብሎ እስኪያስብ ድረስ ልቡ አይጠብቀውም። በዚያ ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ከነበሩት መካከል ዛሬም በሠርግና በበዓል ርችት ሲተኮስ መስኮት የሚዘጉ ሰዎች አሉ። እናትሽ አንቺን ከመከልከል እሳቸው መውጣትን መርጠዋል። ልጃቸው የምትስቀው ከወንድሟ ጋር ስታወራ እንደ ሆነ በግድግዳው በኩል ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ያን ሳቅ ማቋረጥ ያልፈለጉ ይመስለኛል።

ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ግዢ። ይህ ለሌሎቹ ጥያቄዎችሽ መልስ እስክታገኚ የሚቆይ አይደለም፤ ከሚመጣው ዓርብ በፊት ይሁን። ካልተመቸሽ ድምፁን ጨርሰሽ ዝጊው። ነገር ግን ገዝተሽ ዝም አትበዪ። ዝምታ በቤታችሁ በቂ አለ። ቡና ላይም ሆነ ምሳ ስታቀርቡ፣ በዚያው በምትነጋገሩበት ድምፅ፣ «እማዬ፣ ተኩሱ ሲሰማ እንደምትወጪ አይቻለሁ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ድምፁ ከክፍሌ አይወጣም» በያቸው። ከዚያ ጠብቂ። ስለዚያ መንገድ ማውራት ከጀመሩ አዳምጪ፤ «አይዞሽ፣ አልፏል» ብለሽ ለመዝጋት አትቸኩዪ። ካላወሩም አታስገድጂያቸው። እንቅልፍ የሚነሣቸው፣ በር በኃይል ሲዘጋ የሚርዱ፣ ከሰው መራቅ የጀመሩ ከሆነ ደግሞ በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አብረሻቸው ሂጂ። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ ሲያዙት ይከብዳል፤ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገሩበት ግን ብዙ ሰው ይሻለዋል።

እዚህ ላይ አንቺንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያው መንገድ አንቺም ወርደሻል። ስለ እናትሽ ጻፍሽ፤ ስለ ራስሽ ግን አንድ መስመር አልጻፍሽም። በጨዋታው ውስጥ ካርታውን ከላይ ታያለሽ፤ የት ግንብ እንደሚቆም፣ ማን ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደምትሸሺና መቼ እንደምትመክቺ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። በዚያን ቀን ግን ማናችሁም አልተጠየቃችሁም። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ አንዳንድ ሰው የጦርነት ምስል ማየት አይችልም፤ ሌላው ደግሞ ራሱ የሚያዝዝበትን ቦታ ይፈልጋል። እናትሽ የመጀመሪያው፣ አንቺ ሁለተኛው ልትሆኑ ትችላላችሁ። ላይሆንም ይችላል፤ ዝም ብለሽ የምትወጂው ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያም ይቅርታ መጠየቅ የለብሽም። ብቻ ስትጫወቺ ምን እንደሚሰማሽ፣ ስትጨርሺም ቀልሎሽ ወይስ ከብዶሽ እንደምትነሺ ልብ በዪው።

አሁን ወደ አክስቲቱ ልምጣ፤ ይህ ክፍል ከምታስቢው ይልቅ ቀላል ነው። እሳቸውን ያስቀየማቸው ስታርክራፍት አይመስለኝም። የቡናውና የዱዓው ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አንድ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ፣ የሚመረቀው ሰው አጠገብ ሆኖ «አሚን» ማለት አለበት። እኒህ ሴት ያሳደጉትን ልጅ ሊያስረክቡሽ መጥተው፣ ትዳራችሁ እንዲሰምር ፈጣሪን እየለመኑ፣ የምትመረቀዋ ሙሽራ የለችም፤ ከበሩ በስተኋላ ተኩስ ይሰማል። እሳቸውም እኮ እንደ እናትሽ በዚያ ዓመት እዚሁ አገር የነበሩ ሰው ናቸው። የተናገሩት ቃል ጎድቶሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ከስድብ ይልቅ ድንጋጤ ነው የሰማሁበት።

ስለዚህ በሥራ ቀን፣ ከሰርቪስ ወርደሽ፣ ጥሬ ቡናና ስኳር ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ። እጮኛሽ እንደምትሄጂ ይወቅ፤ አብሮሽ ግን አይሂድ። እሱ ካለ እሱ ሊያስረዳልሽ ይሞክራል፤ ይህን ደግሞ ራስሽ ነሽ መናገር ያለብሽ። ስለ ጨዋታው ማብራሪያ አታዘጋጂ። «የዚያን ቀን ተጠርቼ ሳልነሣ ቀረሁ፤ ጥፋቴ ነው። ዱዓዎ ላይ አልነበርኩምና ዛሬ ደግመው ይመርቁኝ» በያቸው። ቡናው ሲፈላ አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ እንዳትነሺ፤ እስከ በረካው ቁጭ በዪ። ተኩሱ ምን እንደ ነበር ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ወንድምሽ ውጭ አገር እንዳለ፣ በልጅነታችሁ ያስተማረሽን ጨዋታ ዛሬም አብራችሁ እንደምትጫወቱ። ያልወለዱትን ልጅ እንደ ልጃቸው አድርገው ያሳደጉ ሴት የናፍቆትን ነገር ከብዙ ሰው በላይ ይረዱታል።

«ሱሰኛ ነኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይህ ቃል በቤት ውስጥ ጠብ መሀል ሲወረወር ከምርመራ ይልቅ ዱላ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ምን እንደሚሉ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከጨዋታ ጋር የተያያዘውን መታወክ አካትቶታል። የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሰውየው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር ማቃቱ፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳት እያየም መቀጠሉ። ይህም ትምህርትን፣ ሥራን ወይም ቤተሰብን በጽኑ የሚጎዳና በአብዛኛው ቢያንስ 12 ወር የዘለቀ ሲሆን ነው። አንቺ በሥራሽ ላይ አለሽ፤ በሳምንት ሁለት ማታ ትጫወቻለሽ፤ የምትጫወቺውም ከወንድምሽ ጋር ነው። ከርቀት መርምሬ ብይን መስጠት አልችልም፤ የጻፍሽው ግን ያን ሥዕል አይመስልም።

ያም ሆኖ የሌሊቱን 8 ሰዓት ነገር በቀላሉ አላልፈውም። ሰርቪስ እስኪያመልጥሽ ያስመሸሽ ምን ነበር? የወንድምሽ ወሬ አላልቅ ብሎ ነው ወይስ ተሸንፋችሁ «አንድ ብቻ እንጨምር» እያላችሁ? ሁለቱ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ናፍቆት ነው፤ መልሱም ለወሬው ሌላ ሰዓት መስጠት ነው። ሁለተኛው መጠበቅ ያለብሽ ነገር ነው፤ የተሸነፈ ሰው ሊበቀል ይፈልጋል፣ ያሸነፈም ሊደግም። ከሰው ጋር በደረጃ የሚደረግ ውድድር ሁሉ እንዲህ ይይዛል። ራስሽን ለመፈተን አንድ ነገር ሞክሪ። የመጨረሻው ግጥሚያ የሚጀመርበትን ሰዓት አስቀድመሽ ቁረጪ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አዲስ ግጥሚያ እንዳይጀመር። የሚያልቅበትን ሰዓት ብትወስኚ አይሠራም፤ ግጥሚያው መሀል ላይ ያገኝሽና መሐላሽን ያስፈርስሻል። የሚጀመርበትን ሰዓት መወሰን ግን በእጅሽ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይህን መጠበቅ ከቻልሽ ለራስሽም ለእጮኛሽም ጥሩ መልስ አገኘሽ። ደጋግመሽ ካፈረስሽውም ሳታፍሪ ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

እስቲ ደግሞ ስለ እጮኛሽ እናውራ። የዚያን ቀን የሆነበትን አስቢ። እንደ እናቱ የሚያያቸውን ሴት «ኑ ሙሽራዬን ላሳይዎት» ብሎ አምጥቶ፣ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ቡና ጠጣ። ሳይነግርሽ መምጣቱ ስሕተት ነው፤ ማፈሩ ግን እውነተኛ ነው። ሰው ሲያፍር ደግሞ ያሳፈረውን ነገር ከቤቱ አውጥቶ መጣል ይፈልጋል። አሁን ልጠይቅሽ፤ በሌላው ጫፍ ያለው ወንድምሽ መሆኑን እጮኛሽ ያውቃል? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ለማንም ደፍረሽ እንዳልተናገርሽ ነው የጻፍሽው። ይህን ካላወቀ የሚያየው በሳምንት ሁለት ማታ በሯን ዘግታ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ጦርነት የምትጫወት እጮኛ ነው። በእሱ ቦታ ብትሆኚ ምን ታስቢ ነበር?

ስለዚህ መጀመሪያ ይወቅ፤ ከዚያ ይይ። ለእሱና ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቼ ጥቂት ልበል። ስታርክራፍትን ብሊዛርድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣው፤ ሁለተኛው በ2010 ተከተለ፤ ከ2017 ኅዳር ወዲህ ከሰው ጋር የሚደረገውን ግጥሚያና የመጀመሪያውን ታሪክ ያለ ክፍያ መጫወት ይቻላል። ሦስት ወገኖች አሉት፤ ከምድር ርቀው የሰፈሩት ሰዎች ቴራን፣ በመንጋ የሚፈሉት ዘርግ፣ በጥበብ የረቀቁት ፕሮቶስ ይባላሉ። ተጫዋቹ ማዕድንና ጋዝ የሚያመጡ ሠራተኞችን ያሰማራል፣ ይገነባል፣ ጦር ያሠለጥናል፤ ካርታው በጭጋግ የተሸፈነ ስለ ሆነ ቃፊር ልኮ የተጋጣሚውን ሐሳብ ያጠናል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚሆነው፤ አንቺ ስታስቢ ተጋጣሚሽ እየሠራ ነው። በደቡብ ኮሪያ ግጥሚያዎቹ ለዓመታት በቴሌቪዥን ይተላለፉ ነበር፤ ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች ሳይቀሩ የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ጨዋታው ከባድ ከመሆኑ የተነሣ በሰው ሠራሽ አእምሮ የሚሠራው፣ ያን ጊዜ የጎግል እኅት ኩባንያ የነበረው ዲፕማይንድ ማሽኑን የፈተነበት ሜዳ ሆኗል፤ ማሽኑ ባለሙያ ተጫዋቾችን ማሸነፉ በ2019 መጀመሪያ ይፋ ሆነ።

«ሴት ልጅና ጦርነት» የሚል ነገር ከተነሣም መልስ አለሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 የካቲት በኮሪያ ፒዮንግቻንግ በተደረገው ትልቅ የስታርክራፍት ውድድር ያሸነፈችው ስካርሌት በሚል ስም የምትጫወተው ካናዳዊት ናት። ሩቅ ከሆነ ደግሞ የራሳችን አለ። በቀድሞ ዘመን በመኳንንቱ ቤት ሰንጠረዥ የተባለውን የአገራችንን ቼዝ ሲጫወቱ መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን በፍጥነት ያሰልፋሉ፤ በተራ መጫወት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ይችሉ እንደ ነበር ይነገራል። እጮኛሽ የታሪክ ወሬ የሚወድ ከሆነ ከዚህ ጀምሪ፤ የባዕድ አገር ልማድ አድርጎ ከሚያየው ይልቅ ይቀርበዋል።

ከማውራት ደግሞ ማሳየት ይሻላል። ግጥሚያ ላይ ሳለሽ አጠገብሽ አታስቀምጪው፤ አንቺ በጥድፊያ ትጠመጃለሽ፣ እሱም የሚያየው የሚበር እሳት ብቻ ይሆናል። ስታርክራፍት የተጫወትሻቸውን ግጥሚያዎች መዝግቦ ያስቀምጣል፤ መዝገቡን ማቆም፣ ማዘግየት፣ ወደፈለግሽበት መሄድ ትችያለሽ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከወንድምሽ ጋር በደንብ የተረዳዳችሁበትን አንዱን ክፈቺና እያቆምሽ አስረጂው። «እዚህ ላይ የወንድሜ ሠፈር ሊጠፋ ነበር፤ ግማሽ ጦሬን ላክሁለት። የዚያን እሑድ ስትጠሩኝ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነበርኩ» በዪው። ለምን እንዳልተነሣሽ ያን ጊዜ ይገባዋል። ግን በዚያው ቃል ጨምሪበት፤ «ቢሆንም መነሣት ነበረብኝ»። አብዛኛው ግጥሚያ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ ቢሸነፉ ሌላ ይጀመራል፤ ወንድምሽም አክስቲቱ እንደ መጡ ብትነግሪው ራሱ «ሂጂ» ይልሽ ነበር።

ያን ካየ በኋላ ጠይቂው፦ የሚያስፈራህ ምንድን ነው? ትዳራችን ውስጥ ብቻህን እንዳትቀር ነው? ዘመድ ፊት እንዳታፍር ነው? ገንዘብ የማጠፋ መስሎህ ነው? እሱ የሚወደውንም አንሺ፤ እግር ኳስ ያያል? ከጓደኞቹ ጋር ያመሻል? እሱ ለራሱ የሚያቆየው ሰዓት ካለ ያንቺም በዚያው ዓይን ይታይ። ከዚያ ቀን ቁረጡ፤ ስንት ማታ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል። እንግዳ ሲመጣ ትነሻለሽ፤ ይህን ሳትከራከሪ ስጪው፤ የሚገባው ነገር ነው።

መደበቅን ግን አልመክርሽም። አሁን «ተውኩት» ብለሽ በኋላ እሱ ሳይኖር ብትጫወቺ፣ የሚገኝብሽ ቀን ጨዋታው ይቀርና ውሸቱ ይቀመጣል። ጨርሶ መተውም መንገድ ነው፤ ከልብሽ ካልፈለግሽው፣ ወይም ከላይ ያልኩሽን ሰዓት መጠበቅ ካቃተሽ ተይው። ሠርጉ እንዳይበላሽ ብለሽ ብቻ ከተውሽው ግን ነገ በሌላ ጠብ ላይ «ላንተ ስል ወንድሜን አጣሁ» ማለትሽ አይቀርም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እንኳ «አልሰማም፣ አላይም፣ ወይ እኔን ወይ እሱን» ካለሽ፣ እንግዲያው ጉዳዩ ስታርክራፍት አይደለም። በሌላም ነገር እንዲህ ያደርግ እንደ ሆነ አስቢ፤ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ጓደኞችሽ፣ ስለ ደመወዝሽ። ይህ የመጀመሪያው ከሆነ ታግሠሽ ደግመሽ ሞክሪ። ካልሆነ ግን ሽማግሌ ሆነው ከመጡት መካከል የምታምኚውን አንዱን ከሠርጉ በፊት አነጋግሪ። ይህን ማንሣት ማፍረስ አይደለም፤ ሽማግሌም የሚያስፈልገው ለጥሎሽና ለቀን መቁረጥ ብቻ አይደለም።

የቀረው ወንድምሽ ነው። በስልክ «ደህና ነኝ» ብቻ የሚለው ሰው በጨዋታ መሀል ስለ ብርዱ ያወራል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ እጅ በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ የሚወጣ ወሬ አለ። ወንዶች ልጆች በተለይ እንዲህ ናቸው። ያ እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ። የሰዓቱ ነገር ግን ሊስተካከል ይችላል። ጀርመን በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ናት። ታዲያ ለምን ማታ ሆነ? እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ እሱ ዘንድም ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለሁለታችሁም ከእንቅልፍ የሚሰረቅ ነገር የለም። የዓርቡን ተዉትና የእሑዱን ከሰዓት አጽኑት ብዬ አስባለሁ፤ የመጨረሻው ውሳኔ የእናንተ ነው።

ሌላም አለ። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በደረጃ መግጠም ግዴታ አይደለም። ሁለተኛው ስታርክራፍት ሁለት ሰው ተባብሮ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚዋጋበት የትብብር ተልዕኮ አለው፤ ክብደቱንም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። እዚያ ላይ እናትሽ ቢጠሩሽና ብትነሺ የሚከስስሽ ተጋጣሚ፣ የሚወርድብሽ ደረጃ የለም፤ ወንድምሽም ብቻውን ትንሽ ይቆያል። ጭንቀቱ ስለሚቀንስ ወሬውም ይበዛል። እስከ ሠርጉ ድረስ በዚህ ቆዩና እዩት።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ስልኩን ለእናትሽ አቀብያቸው። ወንድምሽ በምስል ደውሎ ከእሳቸው ጋር ጥቂት ይጫወት፤ ቡናውን ይይ፣ ስለ ጎረቤት ይጠይቅ። ያን ጊዜ ያ ሰዓት የእናንተ የሁለታችሁ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለ ሠርጉም ያኔ ጠይቂው፤ ፈቃድ አግኝቶ መምጣት ይችል እንደ ሆነ ከአሁኑ ካልጠየቅሽው የአውሮፕላን ትኬቱ እየተወደደ፣ የሥራ ቦታውም ፈቃድ እያጣበበ ይሄዳል። ቢመጣ እጮኛሽ ራሱ ያነጋግረዋል፤ የምትጫወቺው ከማን ጋር እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚያስረዳ አያስፈልገውም።

አክስቲቱ ቤት ሄደሽ ስትመለሺ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እጮኛሽም የራሱ ጥያቄ ካለው ይጻፍልኝ፤ ለእሱም በዚሁ ዓምድ እመልሳለሁ።